ኮምፖስት ለወይን ተክል፦ ከማጨብጨባችን በፊት እናስላ

አራት ኪሎ ካሉት ጭማቂ ቤቶች በአንዱ ከሰዓት በኋላ ብትቀመጡ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ያለውን በርሜል ልብ ብላችሁ እዩት። የአቮካዶ ፍሬና ቅርፊት፣ የማንጎ፣ የፓፓያና የሙዝ ልጣጭ ቀኑን ሙሉ ይጣልበታል። አጠገቡ ካለው ማኪያቶ ቤት የቡና አተላ ይጨመርበታል። ማታ ሲሞላ ተጭኖ ይሄዳል፤ ማንም ስለሱ አያስብም።

እኛ ግን አሰብን። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ስፕሪስ እየጠጣን አንድ «ድንቅ ሐሳብ» መጣልን። ይህን ሁሉ ልጣጭ ሰብስበን ኮምፖስት እንሠራለን። ኮምፖስቱን ጭነን ባቱ (ዝዋይ) ወዳሉት የወይን እርሻዎች እንወስዳለን፤ ከወይኑ ሥር እንጎዘጉዘዋለን። ከተማው ይጸዳል፣ ወይኑ ይመገባል፣ እኛም ገንዘብ እናገኛለን። በአንድ የተማሪዎች ውድድር ላይ አቀረብነው፤ ስላይዱ አረንጓዴ በአረንጓዴ ነበር። ተጨበጨበልን።

ጭብጨባው ሲያበቃ ከዳኞቹ አንዱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ መምህር፣ «ጎበዞች ናችሁ ልጆቼ። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ወይኑ ምን ጎድሎበት ነው?» አሉን።

ተያየን። በመጨረሻ እኔ «ዶክተር፣ ኮምፖስት እኮ ጥሩ ነው» አልኩ። ከዚያ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ሐሳብ ትችት ነው። የኛን ስላይድ ብቻ ሳይሆን፣ «ኮምፖስት ጥሩ ነው» ብሎ የሚጀምረውንና እዚያው የሚያበቃውን ታሪክ ሁሉ መተቸት እፈልጋለሁ። በፖስተር ላይ፣ በፕሮጀክት ማመልከቻ ላይ፣ በአጫጭር ቪዲዮዎች፣ አንዳንዴም በጥናቶች ውስጥ ታገኙታላችሁ። ኮምፖስት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ እንዲያውም ወዳጁ ነኝ። ወዳጅነቴ ግን ሒሳብ ከመሥራት ሊከለክለኝ አይገባም።

መጀመሪያ፣ ሐሳቡ ትክክል የሆነበት

ጉዝጓዝ ስንል ምን ማለታችን ነው? ቡና ሲፈላ ቄጤማ እንደሚጎዘጎዘው ሁሉ፣ የእርሻውን አፈር ከላይ በሆነ ነገር ማልበስ ነው። ማልበሻው ጭድ፣ ደረቅ ሣር፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም ኮምፖስት ሊሆን ይችላል። አብሮ አይታረስም፤ ከላይ ይቀመጣል። በወይን እርሻ ብዙውን ጊዜ የሚለብሰው ማሳው በሙሉ ሳይሆን በየረድፉ ከተክሎቹ ሥር ያለው ጠባብ መስመር ነው።

ጥቅሙ የታወቀ ነው። ፀሐይ አፈሩን በቀጥታ ስለማትመታው የሚተነው ውኃ ይቀንሳል። የአፈሩ ሙቀት ቀንና ሌሊት ብዙ አይዋዥቅም። አረም ብርሃን ያጣል። ዝናብ ሲጥል ጠብታው አፈሩን ስለማይመታው መሸርሸሩ ይቀንሳል። ጉዝጓዙ ቀስ በቀስ ሲበሰብስም የምድር ትሎችና ረቂቅ ተሕዋስያን ይበዛሉ።

ለኛ አገር ደግሞ ውኃ መቆጠቡ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ያቋቋመው የወይን እርሻ ያለው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ባቱ አጠገብ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። መርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ የሚባሉት የወይን ዝርያዎች ይለማሉ፤ የመጀመሪያው የወይን ጠጅ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የአዋሽ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ደግሞ ወይኑን የሚያለማው አርሲ ውስጥ መርቲ አካባቢ ነው። ሁለቱም ስፍራዎች ሞቃትና ደረቅ ናቸው፤ ያለ መስኖ አይሆኑም። እዚያ አፈርን ማልበስ ትርጉም አለው።

እስከዚህ ድረስ ከኛ ስላይድ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቡ የሚጀምረው «ወይኑን ይመግበዋል» ያልንበት መስመር ላይ ነው። ምን ይመግበዋል? ስንት? መቼ?

ሒሳቡን እንሥራ

እርሳስና ወረቀት ያዙ። አንድ ሄክታር የወይን እርሻ እንውሰድ፤ በረድፍና በረድፍ መካከል 2.5 ሜትር አለ እንበል። 10,000 ካሬ ሜትርን ለ2.5 ብናካፍል 4,000 ሜትር ርዝመት ያለው ረድፍ እናገኛለን። በየረድፉ ሥር ግማሽ ሜትር ስፋት ያለውን መስመር 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ኮምፖስት እናልብሰው፤ ከዚህ ከሳሳ አረም አይከለክልም። የሚያስፈልገን ኮምፖስት 4,000 × 0.5 × 0.05 ነው፤ 100 ሜትር ኩብ ማለት ነው።

አንድ ሜትር ኩብ ኮምፖስት ለስሌት ያህል ግማሽ ቶን ይመዝናል ብንል፣ 50 ቶን ጭነናል። ከዚህ 40 በመቶው ውኃ ቢሆን 30 ቶን ደረቅ ነገር ይቀራል። በደረቁ ውስጥ 1.5 በመቶ ናይትሮጅንና 1 በመቶ ፖታሲየም አለ እንበል፤ ሁለቱም ለኮምፖስት የተለመዱ መጠኖች ናቸው። ስለዚህ በአንድ ሄክታር ላይ 450 ኪሎ ናይትሮጅንና 300 ኪሎ ፖታሲየም አፍስሰናል።

አሁን የወይኑን ፍላጎት እንይ። አንድ ቶን የወይን ፍሬ ሲለቀም ከእርሻው ይዞ የሚሄደው በግምት 1.5 ኪሎ ናይትሮጅንና 2.5 ኪሎ ፖታሲየም ነው። ምርቱ በሄክታር 8 ቶን ከሆነ፣ በአንድ መከር የሚወጣው 12 ኪሎ ናይትሮጅንና 20 ኪሎ ፖታሲየም ነው።

450 ሰጥተን 12 ተወሰደ፤ 300 ሰጥተን 20 ተወሰደ። እዚህ ላይ «ናይትሮጅኑ ነው የባሰው» ልትሉ ትችላላችሁ። ተዘናጋችሁ! እኔም መጀመሪያ የተሳሳትኩት እዚሁ ጋ ነው። ሁለቱ ንጥረ ነገሮች ኮምፖስት ውስጥ ያላቸው ኑሮ አይመሳሰልም።

ናይትሮጅኑ በአብዛኛው ትልልቅ በሆኑ የካርቦን ውህዶች ውስጥ የታሰረ ነው። ረቂቅ ተሕዋስያን በልተው እስኪፈቱት ድረስ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። በመጀመሪያው ዓመት የሚፈታው ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው 10 በመቶ አካባቢ ነው፤ 45 ኪሎ ማለት ነው። ወይኑ ከፍሬው ሌላ ለቅጠሉ፣ ለቅርንጫፉና ለሥሩ የሚፈልገውን ስንጨምርበት፣ 45 ኪሎ የማይሆን ቁጥር አይደለም።

ፖታሲየም ግን አይታሰርም። በተክል ሴል ውስጥ እንደሚሟሟ ጨው ነው የሚኖረው፤ ልጣጩ ሲበሰብስ ይለቀቃል። ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በአጭር ጊዜ ለሥሩ ዝግጁ ይሆናል። ከ300ው ኪሎ 240 ማለት ነው፤ ለ12 መከር የሚበቃ ፖታሲየም በአንድ ቀን ተጎዘጎዘ። አሸዋማ አፈር ላይ የተወሰነው በመስኖ ውኃ ታጥቦ ይወርዳል፤ ሸክላማው ግን አጥብቆ ይይዘዋል።

ስለ ናይትሮጅኑ ብለን የጫንነው ኮምፖስት ፖታሲየምን ሳንጠራው አስከትሎ መጣ ማለት ነው። ጭማቂ ቤቱ በርሜል ውስጥ ደግሞ ምን ነበር? የሙዝ ልጣጭ! በፖታሲየም ሀብቱ የታወቀ ነገር ነው። የኛ ኮምፖስት ከ1 በመቶም ሊበልጥ ይችል ነበር። ይህን ስሌት ለመሥራት አሥር ደቂቃ ይበቃ ነበር፤ እኛ ግን ስላይዱን ስናሳምር ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

ዘቢቡ የሚነግረን

«ታዲያ ፖታሲየም ምግብ አይደል? ቢበዛ ምን ይጎዳል?» ጥሩ ጥያቄ ነው።

ወደ ፒያሳ ወረድ ብላችሁ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ሲሸጥ ታገኛላችሁ። ዘቢብ የደረቀ ወይን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን ትጠቀምበታለች። 100 ግራም ዘቢብ ውስጥ 750 ሚሊ ግራም ገደማ ፖታሲየም አለ፤ በተመሳሳይ ክብደት ሙዝ ውስጥ ካለው እጥፍ ነው። ከማዕድናት ሁሉ የወይን ፍሬ በብዛት የሚያጠራቅመው ፖታሲየምን ነው፤ ፍሬው መብሰል ሲጀምር ወደ ውስጡ ይጎርፋል፤ በተለይ ቅርፊቱ ላይ ይከማቻል።

ለሚበላ ወይን ይህ ችግር አይደለም። ለወይን ጠጅ ግን ነው። የወይን ጭማቂ ኮምጣጣነት በዋናነት ከታርታሪክ አሲድ የሚመጣ ነው። ፖታሲየም ከዚህ አሲድ ጋር ይጣመርና የማይሟሟ ጨው ይሆናል፤ አንዳንዴ ጠርሙስ ሥር ወይም ቡሹ ላይ የሚታየው እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ዝቃጭ እሱ ነው። አሲዱ ሲቀንስ የጭማቂው ፒኤች ከፍ ይላል። የቀይ ወይን ጠጅ ፒኤች 3.5 አካባቢ ሲሆን ጤነኛ ነው። ወደ 4 እየተጠጋ ሲሄድ ቀይ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ አበላሺ ባክቴሪያዎች ይመቻቸዋል፣ መከላከያ ሆኖ የሚጨመረው ሰልፋይትም ጉልበቱ ይቀንሳል። ቀይ ወይን ጠጅ ደግሞ የሚጠመቀው ከነቅርፊቱ ስለሆነ፣ ቅርፊቱ ላይ የተከማቸው ፖታሲየም አብሮ ይገባል።

ሙቀቱንም አትርሱ። በሞቃት አካባቢ የሚበስል ወይን ማሊክ የሚባለውን ሌላውን አሲዱን ቶሎ ያቃጥላል። ባቱና መርቲ ድሮውኑ ሞቃት ናቸው። በዚያ ላይ ፖታሲየም መደረብ ማለት በቀረው አሲድ ላይ ሁለተኛ ጠላት መላክ ነው።

ሌላም አለ። ፖታሲየምና ማግኒዚየም ወደ ሥር ለመግባት ይሻማሉ። ፖታሲየም ሲበዛ ማግኒዚየም ይገፋል፤ በታችኞቹ ቅጠሎች ላይ ጅማቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ በመካከላቸው ያለው ቢጫ ይሆናል። ገበሬው ይህን አይቶ «ምግብ አነሰው» ብሎ ሌላ ኮምፖስት ቢጨምርስ? ያባብሰዋል።

ናይትሮጅንም ቢሆን ልክ አለው። ጭማቂው ውስጥ እርሾው ሊጠቀምበት የሚችለው ናይትሮጅን በሊትር ከ140 ሚሊ ግራም ገደማ ካነሰ ጥንሱ ሳያልቅ ሊቆም ይችላል። ሲበዛ ደግሞ ወይኑ ቅጠልና ሐረግ በሐረግ ይሆናል፤ ፍሬው ጥላ ውስጥ ይቀራል፣ ነፋስ አያገኝም፣ ሻጋታ ይወደዋል። ቅጠሉ ለምልሞ ያያችሁት እርሻ ጥሩ ወይን ይሰጣል ማለት አይደለም።

ታዲያ ፖታሲየም ሁልጊዜ ትርፍ ነው? አይደለም። በአገራችን ለአስርት ዓመታት «አፈራችን ፖታሲየም ሞልቶታል» ተብሎ ስለታመነ፣ ለገበሬው የሚቀርበው ማዳበሪያ በዋናነት ዳፕና ዩሪያ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የአፈር ለምነት ካርታ ሲሠራ በተለያዩ አካባቢዎች የፖታሲየም እጥረት ተገኘ። ሳይለኩ «ሞልቷል» ማለት ስህተት ነበር። የኛ ስላይድ ሳይለካ «ጎድሏል» አለ፤ ያው ስህተት ተገልብጦ ነው።

አራት ነገር ቀይሮ አንዱን ማመስገን

ሁለተኛው ትችቴ ማስረጃውን ስለምናነብበት መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ንጽጽር እንዲህ ያለ ነው፦ አንዱ ረድፍ ኮምፖስት ለብሷል፣ ሌላው ባዶ አፈር ነው። የለበሰው ረድፍ አረንጓዴ ሆነ፣ ምርቱም ጨመረ። ድምዳሜ፦ «ኮምፖስቱ ወይኑን መገበው።»

እንዴ! ቆዩ እንጂ። ምህንድስና ስትማሩ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ፣ የአንድን ነገር ውጤት ለማወቅ ከፈለጋችሁ ሌላውን አትንኩ የሚል ነው። አፈሩን በኮምፖስት ስናለብስ ግን ውኃውን፣ ሙቀቱን፣ አረሙንና ምግቡን በአንድ ጊዜ ቀይረናል። የጨመረው ምርት ከየትኛው ነው የመጣው? በደረቅ አካባቢ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ውኃው ነው። አፈሩ እርጥብ ሲሆን ሥሩ በራሱ በአፈሩ ውስጥ የነበረውን ንጥረ ነገር በተሻለ ሁኔታ ይስባል። ያኔ «መጋቢው» ኮምፖስቱ ሳይሆን ጥላው ነው። ጥላ ደግሞ ከጭድም ይገኛል፤ ከአዲስ አበባ 50 ቶን መጫን አያስፈልግም።

ይህን መለየት ከባድ አይደለም። ቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። የጎመን ችግኝ፣ አንድ ዓይነት አፈርና ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ጣሳዎች ያዙ፤ አራት ምድብ አድርጉ፦

በመጀመሪያው ምድብ አፈሩ ባዶውን ይቀመጣል።
በሁለተኛው ከላይ ጭድ ይለብሳል፤ ጥላ አለው፣ ምግብ ግን ከሞላ ጎደል የለውም።
በሦስተኛው ኮምፖስት ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል፤ ምግብ አለው፣ ጥላ የለውም።
በአራተኛው ያው መጠን ኮምፖስት ከላይ ይጎዘጎዛል፤ ሁለቱም አለው።

በየምድቡ ቢያንስ አምስት ጣሳ ይኑር፤ አንድ ጣሳ ብቻ ከሆነ ዕድል ይጫወትባችኋል። የጣሳዎቹን ቦታ በየጊዜው አቀያይሩ። ለሁሉም እኩል ውኃ እየሰጣችሁ ጠዋትና ማታ በኩሽና ሚዛን መዝኑ፤ የቀነሰው ክብደት የተነነውና ተክሉ የጠጣው ውኃ ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ጎመኑን ነቅላችሁ፣ አድርቃችሁ መዝኑት። ሁለተኛው ምድብ ከአራተኛው ጋር ከተቀራረበ፣ ጀግናው ጥላው ነው። ሦስተኛው ከቀረበ ምግቡ ነው። አራተኛው ሁለቱንም በብዙ ከበለጠ፣ ጥላና ምግብ ተጋግዘዋል።

ከእንግዲህ ስለ ኮምፖስት ጉዝጓዝ የተጻፈ ጥናት ስታነቡ የጭዱን ምድብ ፈልጉ። ከሌለ፣ ጥናቱ «ጉዝጓዙ ጠቀመ» ሊል ይችላል፤ «ምግቡ ጠቀመ» የማለት መብት ግን የለውም።

አረንጓዴ ቅጠል በቂ ምስክር አይደለም

«እሺ፣ ቅጠሉን ላቦራቶሪ እንውሰደው» ትላላችሁ። ትክክል ናችሁ። ወይን ምን እንደጎደለው የሚታወቀው ከአፈር ምርመራ ብቻ አይደለም፤ ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ የላይኛው አፈር ሙሉውን ታሪክ አይናገርም። ስለዚህ አበባ በሚያወጣበት ወቅት፣ ከፍሬው ዘለላ ፊት ለፊት ያለው ቅጠል ተቆርጦ፣ ቅጠሉን ከሐረጉ የሚያያይዘው ዘንግ ይመረመራል።

እዚህም ወጥመድ አለ። አንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ አንድ ማንኪያ ስኳር ጨመራችሁ እንበል። ሦስት ብርጭቆ ሻይ ባለበት ማንቆርቆሪያ ላይ ደግሞ ሁለት ማንኪያ ጨመራችሁ። የቱ ይጣፍጣል? ብርጭቆው። የቱ ብዙ ስኳር አለው? ማንቆርቆሪያው። ወይንም እንዲሁ ነው። በጉዝጓዝ ምክንያት በደንብ ያደገ ተክል ብዙ ንጥረ ነገር ወስዶ እንኳ፣ አካሉ ስለተለቀ በመቶኛ ሲለካ ያነሰ ሊመስል ይችላል። የቀጨጨው ደግሞ በመቶኛ የጠገበ ይመስላል። ስለዚህ መቶኛው ብቻውን አይበቃም፤ የተክሉ እድገትም አብሮ መለካት አለበት።

ጊዜውም ጉዳይ ነው። ወይን ዛሬ ተተክሎ ነገ የሚታጨድ ጤፍ አይደለም፤ 25 እና 30 ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይኖራል። በሥሩና በግንዱ ውስጥ ስንቅ ያስቀምጣል፤ ዘንድሮ የሚያወጣው ቅጠል በከፊል አምና ያጠራቀመውን ነው የሚበላው። የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ሙከራ በአብዛኛው የሚያሳየን የአምናውን ስንቅ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሚነበቡት ጥናቶች አብዛኞቹ የመጡት ከአውሮፓ፣ ከካሊፎርኒያና ከአውስትራሊያ ነው። እዚያ ወይኑ በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ አፈሩም ስለሚበርድ መበስበሱ ይዘገያል። ባቱ ላይ ወይኑን የሚያስተኛ በረዶ የለም፤ ዑደቱን የሚመሩት ገበሬው በመግረዝና በመስኖ ነው። አፈሩም ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የረቂቅ ተሕዋስያን የመበስበስ ሥራ በግምት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «በመጀመሪያው ዓመት 10 በመቶ ናይትሮጅን ይለቀቃል» የሚለው፣ እኔም ቅድም የተጠቀምኩበት ቁጥር፣ እዚህ ሊያንስ ይችላል። የውጭውን ቁጥር መነሻ አድርጉት፤ መልስ ግን አታድርጉት።

የሻምፓኝ ሰማያዊ ፌስታሎች

እስካሁን ያወራሁት ስለ ንጹህ ኮምፖስት ነው። የኛ ስላይድ ሁለተኛ ተስፋ ግን «ከተማውን እናጸዳለን» የሚል ነበር። ይህ ቀልድ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከከተማችን ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደግሞ የሚበሰብስ ነው። ስለዚህ «ለምን ወደ እርሻ አይሄድም?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቀውን ሰው አከብራለሁ።

ግን ይህን ከኛ በፊት የሞከሩ አሉ፤ ያውም በወይን እርሻ ላይ። በፈረንሳይ ሻምፓኝ አውራጃ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ድረስ የፓሪስና የሌሎች ከተሞች የቤት ቆሻሻ እየተፈጨ በወይን ማሳዎቹ ላይ ይጎዘጎዝ ነበር። ዓላማው ጥሩ ነበር፦ ተዳፋቱ እንዳይሸረሸር፣ አፈሩም እንዲዳብር። ከተማው ቆሻሻውን ተገላገለ፣ ገበሬውም ርካሽ ጉዝጓዝ አገኘ። ሁሉም ተደሰተ።

ቆሻሻው ግን ከምንጩ አልተለየም ነበር። የበሰበሰው በሰበሰ፤ ፌስታሉ፣ ጠርሙሱና ብረቱ ቀረ። የሚበሰብሰው ባለቀ ቁጥር የማይበሰብሰው ከላይ እየታየ መጣ፤ በዓለም ከታወቁት ውድ የወይን ማሳዎች በአንዳንዶቹ ላይ የሰማያዊ ፌስታል ቁርጥራጭ ዛሬም ድረስ ይታያል። ፌስታሉ ቢያንስ በዓይን ይታያል። እርሳስ፣ ዚንክና ካድሚየምን የመሳሰሉ ብረቶች ግን አይታዩም፤ አይበሰብሱም፤ አፈሩ ውስጥ ይቆያሉ። ሠላሳ ዓመት ለሚኖር ተክል ይህ ቀላል ስህተት አይደለም፤ የተጎዘጎዘውን መልሶ መልቀም አይቻልም።

እዚህ ጋ ለጭማቂ ቤቱ በርሜል አንድ ምስጋና ልስጥ። ከተደባለቀ የሰፈር ቆሻሻ በብዙ ይሻላል፣ ምክንያቱም ገና ከምንጩ ሊለይ ይችላል። የአቮካዶ ቅርፊትና የቡና አተላ ብቻ የሚገባበት በርሜል ንጹህ ኮምፖስት ይሰጣል። ከገንዳ የተጫነ ቆሻሻ ግን ባትሪም፣ አምፖልም፣ የሕፃን ዳይፐርም አለበት። በኮምፖስት ሥራ ውስጥ ትልቁ ቴክኖሎጂ ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ ሁለተኛ በርሜል ነው እላችኋለሁ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ያን ስላይድ ዛሬ ብሠራው ከመጨረሻው ነበር የምጀምረው። መጀመሪያ የወይኑን ቅጠልና አፈሩን አስመረምራለሁ፤ የጎደለው ምንድን ነው? ናይትሮጅን ብቻ ከሆነ፣ ፖታሲየሙ ዝቅ ያለ ኮምፖስት እፈልጋለሁ፤ መጠኑንም የምወስነው በውፍረቱ ሳይሆን በፖታሲየሙ ነው። በስሌታችን መሠረት 20 ኪሎ ፖታሲየም ለመተካት 50 ቶን ሳይሆን ከ3 እስከ 4 ቶን ይበቃ ነበር። ይህ ደግሞ አፈሩን አያለብስም። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት እከፍለዋለሁ፦ ለምግቡ ቀጭን ኮምፖስት፣ ለጥላው ከላዩ ወፍራም ጭድ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ። የጎደለው ውኃ ብቻ ከሆነ ደግሞ ኮምፖስቱን ትቼ ጭዱን እወስዳለሁ። የጎደለው ፖታሲየም ከሆነ፣ ያኔ የሙዙ ልጣጭ ይምጣ፤ እሰየው!

ኮምፖስቱንም ራሱን አስመረምራለሁ። ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ ከ20 እጥፍ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ሳይበስል ከአፈር ጋር የተቀላቀለ ኮምፖስት ናይትሮጅን በመስጠት ፈንታ ከአፈሩ ይበደራል። ጨዋማነቱ፣ የብረቶቹ መጠን፣ የስባሪ ጠርሙስና የፕላስቲኩ ብዛት ይለካል። ሲጎዘጎዝም ግንዱን እንዲነካ አላደርግም፤ እርጥበት ታቅፎ የሚውል ግንድ ይታመማል።

የመጓጓዣውንም ነገር እጠይቃለሁ። 50 ቶን ኮምፖስት ውስጥ 20 ቶኑ ውኃ ነው። 160 ኪሎ ሜትር ውኃ በጭነት መኪና ወደ ሐይቅ ዳር መውሰድ! ይህን ስል ዛሬም ያፍረኛል። የወይን ፋብሪካው ራሱ የሚጥለው የወይን ጭማቂ ገለባ እዚያው አለ፤ ከጨመቃ በኋላ የቀረ ቅርፊትና ፍሬ ነው፤ እሱም በፖታሲየም የበለጸገ ስለሆነ ሒሳቡ ይሠራለታል። የአራት ኪሎ ልጣጭ ደግሞ ቅርብ ቦታ አለው፤ የከተማ ጓሮ ጎመን፣ የችግኝ ጣቢያ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉት መደቦች። ጎመን ፖታሲየም በዛብኝ ብሎ የወይን ጠጅ አያበላሽም።

መምህሩ የጠየቁን አንድ ጥያቄ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የተሟላ መልስ የለኝም፤ ምክንያቱም መልሱ የሚገኘው ከጭማቂ ቤቱ ወንበር ላይ ሳይሆን ከእርሻው ቅጠል ላይ ነው። እናንተም በሚቀጥለው ውድድር ላይ አረንጓዴ ስላይድ ስታዩ፣ ወይም ራሳችሁ ስታቀርቡ፣ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን ጎድሎ ነው? ስንት ነው የሚጨመረው? የጭዱ ምድብ የት አለ? እስከዚያው የጎመኑን ሙከራ ጀምሩ፤ ሚዛናችሁ የሚላችሁን ጻፉልን።